ታምሬን የሚያህል ክር

ታኅሣሥ 19 ቀን 1977 ዓ.ም. ከቀኑ በስድስት ሰዓት አንድ ሕፃን አዝዬ ከመጠለያው ወጣሁ። ልጁን ለጭራቁ ልመልስለት ነበር።

ቀኑን የማልረሳው የገብርኤል ዕለት ስለነበረ ነው፤ የሰፈራችን ሴቶች ከማለዳ ጀምረው ስለት ሲሳሉና ሲያለቅሱ አርፍደዋል። ሰዓቱን የማልረሳው ደግሞ ወተት ማደያው ደጅ የተሰቀለው የሎሪ ቸርኬ ሲደወል ስለሰማሁ ነው። ቸርኬው ቀትር ላይ ሲመታ ሰው ሁሉ ጣሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሰልፉ ይሮጣል። ሕፃን ያዘለችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ወዴት ነሽ?» የሚላት አይኖርም። ሰዓቱን የመረጥሁት ለዚህ ነው። ለዚህ፣ ደግሞም አባቴ «ቀትር ላይ ነው» ስላለኝ።

ጭራቁን ያወቅሁት ከአባቴ አፍ ነው። በኅዳር መጀመሪያ ከበለሳ ስንወጣ አራት ነበርን፤ አባቴ አስናቀው፣ እናቴ አሰጋሽ፣ እኔ ማሬ፣ እና ሰባት ወር ያልሞላው ወንድሜ ታምሬ። ማሳችን ሁለት ዓመት ሙሉ ዘር በልቶ ምንም አልመለሰም። ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ሞተ፣ አንዱ ተበላ። ሱዳን እህል አለ ተባለ፤ ከሰው ጋር ወደ ቆላው ወረድን።

በሦስተኛው ቀን እግሬ ቆስሎ መንገዱ መካከል ቁጭ አልሁ። አልነሣም አልሁ። አባቴ አልተቆጣኝም። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ።

«ከኋላችን ጭራቅ አለ፤ ከአገር ጀምሮ ነው የተከተለን። ስልቻ ይዟል። የሚሄድን ሰው አይነካም። የተቀመጠን ግን አንሥቶ ስልቻው ውስጥ ይከተዋል።»

«ታዲያ ለምን አንሮጥም?»

«እሱ መች ይሮጣል? እንደምንቀመጥ ያውቃል እኮ።»

«ምን ይመስላል?»

«ዞሮ ያየው ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል። አንች እንዳትዞሪ።»

ተነሣሁ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ የሚቀመጡትን ሁሉ ልብ ብዬ አይ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ጅረት ዳር «ትንሽ ልረፍ» ብለው ከዘራቸውን አጠገባቸው አጋደሙ። አንዲት ሴት ቅሏን አቅፋ ድንጋይ ተደገፈች። ሲነሡ አላየሁም። አባቴ እውነቱን ነው አልሁ በልቤ፤ እንዲያውም ስልቻው ከኋላዬ መሬት ለመሬት ሲጎተት እሰማው ነበር። የሰማሁት ከኋላችን የሚሄዱ ሰዎች እግር መሆኑን ለመረዳት ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

ሌላ ቀን አመሻሽ ላይ፣ እናቴ ታምሬን አጥብታ ስታንቀላፋ፣ አባቴ ጨመረልኝ።

«ይኼ ጭራቅ ሕፃን ሲያይ ግን ሌላ ተንኮል አለው። የሰውን ልጅ ከእናቱ ጎን ይወስድና የራሱን ይተካል። የሱ ልጅ እንደ ሰው ያለቅሳል፣ እንደ ሰው ይጠባል፤ ብቻ አይጠግብም። ስለዚህ እናትሽ ስትተኛ ዓይንሽን ከታምሬ ላይ እንዳትነቅዪ።»

«ከወሰደውስ? እንዴት ይመለሳል?»

አባቴ ከመሬት ጠጠር አንሥቶ አገላበጠ። ዛሬ ሳስበው ተረቱን እየሄደ ይሠራው እንደነበረ ይገባኛል፤ መጨረሻውን ገና አላገኘውም ነበር።

«ቀትር ላይ» አለ ኋላ፣ «ጥላሽ እግርሽ ሥር ሲገባ፣ የሱን ልጅ ከቤቱ ደጃፍ ታስቀምጭለትና ሳትዞሪ ትመለሻለሽ። ለልጁ ሲል ያንችን ይመልስልሻል።»

«እንዴት ያዝንልኛል? ጭራቅ አይደለም?»

«እሱም አባት ነው» አለኝ።

የጓንግን ወንዝ በተሻገርን ማግስት አባቴ አንድ ግራር ሥር ተቀመጠ። እናቴ ታምሬን አዝላ ጥቂት ቀድማ ነበር። እኔ እጁን ይዤ ስለነበር ሲቀመጥ እኔንም ጎተተኝ።

«አባ! ተነሥ እንጂ!»

«እሾህ ወግቶኝ ነው። ነቅዬ እደርስባችኋለሁ። እናትሽን ተከተይ፤ ሂጂ።» እጄን ከእጁ አላቀቀ። «ማሬ፣ ምን ብዬሻለሁ? አትዙሪ።»

አልዞርሁም። እንዲያውም ስላልዞርሁ ጎበዝ ነሽ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እሾህ አልነበረም። ከአርማጭሆ ጀምሮ «ጠግቤያለሁ» እያለ የድርሻውን ቆሎ በእኔ ኪስ ይጨምር ነበር፤ እኔም እየቆረጠምሁ እሄድ ነበር።

መጠለያው ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ፣ ከባሱንዳ ወዲህ፣ ማሽላው ታጭዶ ባለቀ ሜዳ ላይ ነበር። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ የልጅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ቤታችንን በአገዳና በእህል ጆንያ ሠራን። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ የአገራችን መነኩሴ ነበሩ። «አባታችሁ ከኋለኞቹ ጋር ይመጣል» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሎሪ በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር እቆማለሁ። መቼም አልቀመጥም።

በስተምዕራብ፣ ከመጠለያው ወጣ ብሎ፣ አንድ ዲማ ነበር። ግንዱ እንደ ጎተራ የተነፋ፣ ቅጠሉ የረገፈ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ትልቅ ዛፍ ነው። የጭራቁ ቤት እሱ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀብኝም። ያስታወቀችኝ አሰፋች ናት።

እትዬ አሰፋች ረጅም ሴት ናት፤ አንድ ዓይኗ ላይ ነጭ ወርዶበታል። ወገቧ ላይ ብዙ ክር ትጠመጥማለች። በየማለዳው ከየጎጆው ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ወደ ዲማው ትሄዳለች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነው፤ እስከ ክርኗ ድረስ እርጥብ። የመጠለያው ልጆች «አሰፋች ከለካችሽ አለቀልሽ» ይላሉ። አንድ ቀን ከአንድ ጎጆ ቀዳዳ አየኋት። ተኝቶ የማይንቀሳቀስ ልጅ ከራሱ እስከ እግሩ በክር ለካች፣ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። በጥርሷ የቆረጠችው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕልሜ ክር አልነበረም።

አሰፋች ገናዥ ነበረች። ማንም አልሾማትም። አጥባ፣ ገንዛ፣ የሚቀብር ሰው ሲጠፋም ራሷ ቆፍራ ትቀብር ነበር። ይህን ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ለልጅ አይነገርማ።

ታኅሣሥ ሲገባ እናቴን ተስቦ ያዛት። ወደ በሽተኞች ዳስ ወሰዷት። ታምሬም ፊቱ ሽፍ ብሎበት ያተኩሰው ስለነበር ለብቻው አንሥተው ወሰዱት፤ ያቀፈችው አሰፋች ናት። እኔ ለእማሆይ ተሰጠሁ።

ቀን ቀን ከዳሱ አጥር ውጭ እውላለሁ። ዘበኛው ሱዳናዊ ነው፤ ጠጋ ባልሁ ቁጥር «ያ ቢንት! በራ! በራ!» እያለ፣ አንች ልጅ ወደ ውጭ ማለቱ ነው፣ በአርጩሜው አየሩን ይገርፋል። እዚያ ነው ዘሐራን ያወቅኋት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፣ የመተማ፤ ዐረብኛውን እንደ አማርኛው ታወርደዋለች። እናቷ ጠይባ ከነሕፃን ወንድሟ ዳሱ ውስጥ ነበረች።

«አንች በለሴ» አለችኝ ገና እንደተዋወቅን፣ «ክር ስታዪ ትሸኛለሽ የሚሉት እውነት ነው?»

«አልሸናም! አንች ጭራቅ አትፈሪም?»

«ጭራቅ የሚባል የለም። ጅኒ ግን አለ፣ ወላሂ። የጅኒ ደግሞ እግሩ የአህያ ነው። የአሰፋችን እግር አይተሻል?»

«አዎ።»

«የማን ነው?»

«የሰው።»

«እንግዲያውስ ተይኝ» አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን። ዘበኛው በራ አለን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዘሐራ አጥሩ ጋ ሳትመጣ ዋለች። ስትመጣ ዓይኗ አብጧል። «እናቴ በሎሪ ገዳሪፍ ሄዳለች፤ ትልቁ ሐኪም ቤት» አለችኝ። «ወንድምሽስ?» አልኋት። «እሱም» አለች። አላለቀሰችም። ሎሪው ስንት ሰዓት እንደመጣ ጠየቅኋት፤ እኔ መንገድ ዳር ስቆም ስላላየሁት ከፍቶኝ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አሰፋች ወደ እማሆይ ጎጆ መጣች። የተኛሁ መስዬ ሰማኋቸው። በሹክሹክታ ስለነበር ግማሹ ያመልጠኛል።

«...ዲማው ሥር ነው ያለው እንግዲህ» አለች አሰፋች።

እማሆይ የሆነ ነገር አሉ።

«እንለውጠውና እንስጣት።»

«ያወቀች እንደሆነስ?»

«መልካቸው እንደሁ አንድ ነው። ዓይኗም ደክሟል።»

እስካሁን ድረስ ያን ጠዋት ሳስብ ጆሮዬ ይግላል። ጭራቁ ታምሬን ወስዷል፤ አሰፋች የጭራቁ ገረድ ናት፤ እማሆይም አብረው አሉበት። ሌላ ምን ልረዳ እችል ነበር?

እናቴ በሁለተኛው ቀን ተደግፋ ወደ ጎጆአችን ተመለሰች። ጸጉሯ ተላጭቷል፣ አንገቷ ቀጥኗል። አሰፋች ከኋላ ሕፃኑን ታቅፋ መጣችና በእናቴ ክንድ ላይ አስቀመጠችው። «ይኸው ልጅሽ» አለች። እናቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ጡቷን አወጣች። ልጁ እንደ ጥጃ ያዘው።

የእኔ ታምሬ ከቀኝ ጆሮው ኋላ ማርያም የሳመችው ምልክት ነበረው፤ ክብ፣ ቡና የመሰለ። ልጁ ሲጠባ ጆሮውን ገልጬ አየሁ። የለም። ግራውንም አየሁ፤ የለም። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ደግሞ አዲስ ነው፤ የታምሬ ከመንገዱ አቧራ የተነሣ ጥቁር ብሎ ነበር።

«እማ፣ ይኼ ታምሬ አይደለም።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ማርያም የሳመችው የለም» አልሁ።

«ትኩሳቱ አጥፍቶት ነው» አለች። «ሂጂ ውኃ አምጭልኝ።»

እናቴ ዋሽታኝ አታውቅም ነበር። ስለዚህ ተታልላለች አልሁ። ልጁ ቀን ይጠባል፣ ማታ ይጠባል፣ ሲለቅ ያለቅሳል፤ አይጠግብም። አባቴ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ደረሰ። እናቴ ስትከሳ አያለሁ። እየበላት ነው አልሁ። እየበላት ነው፣ እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ዘሐራ በየቀኑ ትመጣ ጀመር። እኔን ፈልጋ የምትመጣ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ስትገባ ግን መጀመሪያ ልጁን ነው የምታየው። ከእናቴ ትቀበለዋለች፣ የእግሩን ጣቶች ትቆጥራለች፣ በጆሮው የማልሰማውን ታንሾካሹክለታለች። እናቴም ዘሐራ ስትመጣ ልጁን አንሥታ ትሰጣትና ፊቷን ወደ አገዳው ታዞራለች።

«ለምንድን ነው የምትስሚው?» አልኋት አንድ ቀን በቅናት። «ሽታው እንኳ የሰው አይደለም።»

ዘሐራ ቀና አለች። የምትመታኝ መሰለኝ።

«የሰው ነው» አለች። «ደግመሽ እንዲህ ካልሽ ወላሂ ምላስሽን እቆርጠዋለሁ።»

እሷንም ይዟታል አልሁ። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።

የገብርኤል ዕለት ቸርኬው ሲመታ እናቴ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ልጁን ከጎኗ አንሥቼ አዘልሁት። ከታምሬ አይከብድም፤ ትንፋሹ ጀርባዬ ላይ ይሞቃል። ከጎጆዎቹ ጀርባ ለጀርባ ወጥቼ በማሽላው ገለባ ላይ ሄድሁ። ጥላዬ እያጠረ እያጠረ መጥቶ እግሬ ሥር ገባ። ወፍ እንኳ አይጮህም። አገራችን ቀትር የሰይጣን ሰዓት ነው ይባላል፤ ማንም ብቻውን ወንዝ አይወርድም። የዲማው ሆድ እንደ አፍ ተከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ደጃፉ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። ጀርካን አለ። የቆርቆሮ ሳፋ አለ። መቀስ አለ። ተጣጥፎ የተከመረ ነጭ አቡጀዲ አለ። የጭራቅ ጓዳ እንዲህ ንጹሕ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ ንጽሕናው ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ልጁን አውርጄ ጥላው ላይ አስቀመጥሁት። ጣቴን ያዘ። ታምሬም እንዲሁ ይይዘኝ ነበር። አንድ በአንድ ጣቶቹን አላቀቅሁ፤ አባቴ የእኔን እንዳላቀቀው።

«አባትህ ይመጣል» አልሁት። ዞሬ ሄድሁ።

አሥር እርምጃ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። አለቀሰ። ዳሱ ውስጥ እንደሚያለቅሱት ሕፃናት ሆኖ ነው ያለቀሰው፤ ኃይል የሌለው፣ ሰው ይመጣል ብሎ ተስፋ የማያደርግ። አትዙሪ አልሁ ለራሴ። ዞሮ ያየ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከዚያ ሳላስበው አባቴ መጣብኝ፤ ፊቱ ግን አልመጣም። እጁ ይታየኛል፣ ግራሩ ይታየኛል፣ ፊቱ የለም። ግራሩ ሥር የተቀመጠ ጊዜ ፊቱን አላየሁትም። ዞሬ ቢሆን ኖሮ አይቼው ነበር።

ዞርሁ።

ጭራቅ አልነበረም። ልጁ ጨርቁን ረግጦ ገልጦ እጁን ወደ ላይ ያወናጭፋል። ከሱ ኋላ፣ ከዲማው ወዲያ፣ ከመጠለያው በኩል ዛፉ ጋርዶት የማይታይ ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ ትንንሽ ክምር አፈር ተደርድሯል። በየክምሩ ራስጌ እንጨት ተተክሏል። አንዳንዱ ክምር ከክንዴ አይበልጥም። እስከ ሃምሳ መቁጠር እችል ነበር፤ ሃምሳ ደረስሁና አላለቀም።

ከክምሮቹ መካከል አሰፋች አካፋዋን ጥላ እየሮጠች መጣች። ልጁን አነሣችው። ከዚያ አየችኝ።

«አንች! የአሰጋሽ ልጅ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ዞሬ አይቻለሁ፤ ግን አልተቀመጥሁም። «ውሰጅው» አልሁ። «የናንተን ውሰዱና ታምሬን መልሱልኝ።»

አሰፋች ልጁን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ክምሮቹ አየች። ከዚያ ልጁን እንዳቀፈች፣ እግሯ እንደ ታጠፈ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አትቀመጪ!» ጮኽሁ። «እትዬ አሰፋች፣ አትቀመጪ! ይመጣል!»

«ማነው የሚመጣው?»

«ጭራቁ። የተቀመጠ ሰው ይወስዳል። አባቴ ነግሮኛል።»

አሰፋች በደኅናው ዓይኗ ትኩር ብላ አየችኝ። «እሱማ ልጄ» አለች፣ «ቀድሞን ደርሶ የለም እንዴ።»

ያን ጊዜ ዘሐራ ደረሰች። ለእናቴ ወተት ይዛ መጥታ፣ ልጁን ስታጣ ዱካዬን ተከትላ ነው የሮጠችው። «በድሩ! በድሩ!» ትላለች። በድሩ የሚባል ሰው አላውቅም ነበር። ልጁን ከአሰፋች እቅፍ ነጠቀችና ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ በነፃው እጇ በጥፊ መታችኝ።

«ወንድሜን! ወንድሜን አውሬ ሊበላው ጣልሽው!»

ጉንጬን ይዤ ቆምሁ። ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ፤ ውኃ ስንጥቅ ውስጥ እንደሚገባ።

«ያንች ወንድም ከሆነ» አልሁ፣ «የኔስ?»

ዘሐራ ወደ አሰፋች ዞረች። ልጅን ለብቻዋ፣ በቀትር፣ መርዶ የሚያረዳ ሰው አይገኝም፤ አሰፋች ያን ሁሉ ልጅ ቀብራ ለአንድም ልጅ ሞት ነግራ አታውቅም ነበር። በመጨረሻ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች። ከተጠመጠሙት ክሮች አንዱን ፈልጋ ፈትታ ዘረጋችልኝ።

ክሩን የምትጠመጥመው ለምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። የአገር ልማድ አይደለም፣ የራሷ ነው። አቡጀዲው ጥቂት ስለነበር በልክ ነበር የምትቆርጠው። ዳሱ ውስጥ የተኙ እናቶች ደግሞ የልጃቸውን ቀብር አያዩም። ድነው ሲወጡ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ብላ የለካችበትን ክር ታስቀምጥላቸው ነበር። «ይህን ያህል ነበር» ብላ ልትሰጣቸው።

ክሩን ተቀበልሁ። አንዱን ጫፍ በእግሬ አውራ ጣት ረግጬ ሌላውን ወደ ላይ ሳብሁት። ከወገቤ ትንሽ ዝቅ ብሎ አለቀ። እንዲህ ነበር ታምሬ። ጀርባዬ ላይ ሳዝለው ከዚህ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር።

አሰፋች ሳትነሣ እጄን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ። ከበለሳ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ቁጭ አልሁ። ማንም አልመጣም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ትልልቆቹ ተማከሩ። ነገሩ ከልጅ ደርሷል፣ ከእንግዲህ አይደበቅም፤ አሰጋሽም ትንሽ በርትታለች፣ ትረዳ ተባለ። ማልደው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እማሆይ፣ አሰፋች፣ ሁለት የበለሳ ሽማግሌዎችና ዘሐራ ወደ ጎጆአችን መጡ። እኔም ከኋላቸው ነበርሁ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ልጁ እየጠባ ነው።

«ዘገያችሁ» አለች።

እማሆይ «አሰጋሽ ልጄ...» ብለው ጀመሩና አቃታቸው።

«አውቃለሁ። ካሸተትሁት ጀምሮ አውቃለሁ። ታምሬ ግራ ጡቴን ነበር የሚወድ። ይኼ ግራውን ሲሰጡት ይጣላል።»

አሰፋች ራሷን ያዘች። «አውቀሽ ነው ይኼን ሁሉ ቀን ዝም ያልሽ? እኛ ከአንች እንደብቅ ብለን ስንሞት!»

«ምን ልበል ታዲያ?» አለች እናቴ። «ልጁ እየጠባ ነበር።»

ይህን ብላ የልጁን ራስ በክንዷ ላይ አቃናች።

«ይቺም» አለች ወደ እኔ እያየች፣ «ምልክቱ የለም አለችኝ። ትኩሳት አጥፍቶት ነው አልኋት። አባቷን ስትጠብቅ ደግሞ የወንድሟን እንዴት ልጨምርባት?» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ያባቷንም አብረን እናልቅስ። ግራሩ ሥር ሲጋደም ዞሬ አይቼዋለሁ።»

እናቴ ዞራ ነበር። አይታው ነበር። ጉልበቷ ግን አልከዳትም፤ ታምሬን አዝላ፣ እኔን እየጎተተች፣ ሱዳን ድረስ ሄዳለች።

አለቀስን። ሽማግሌዎቹም አለቀሱ። ለቅሶው መካከል እናቴ ዘሐራን ጠራቻት፤ ማተቡን ከልጁ አንገት ቀስ ብላ ፈታች።

«ስሙን ማን አለችው እናትሽ?»

«በድሩ።»

«በድሩ» አለች እናቴ። ከዚያ ወደ ቀኝ ጡቷ አዞረችው።

ዘሐራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር ኖረች፤ እናቷ ጠይባ ዳሱ ውስጥ ሞታ ነበር፣ የሎሪው ነገር ልጁ ጡት እንዲያገኝ አሰፋች ያስጠናቻት ነው። ከመጠለያው ወጥተን ገዳሪፍ ስንገባ አንድ ቤት ውስጥ ረመዳንም ሁዳዴም ይጾም ነበር። የሰፈሩ ሼኽ «ጡቷን ጠብቷልና እናቱ ናት፣ ማሬም እህቱ ናት» አሉ፤ እማሆይም «ይኼንማ እኛም እናውቃለን፣ የጡት ልጅ ነው» አሉ። አሰፋች በግንቦት ተስቦ ያዛትና ሞተች። ማን እንደገነዛት፣ በምን እንደለካት አላውቅም፤ እኛ ያን ጊዜ ወጥተናል። እኔ በ1985 ወደ ጎንደር ተመለስሁ። እናቴ ግን «ታምሬ እዚህ ነው» ብላ ቀረች። ክሩን ማተቧ ላይ አስራው ነበር።

እናቴ ኅዳር 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ገዳሪፍ አረፈች፤ በማግስቱ ተቀበረች። ስልክ የደወለልኝ ሰው የለም። በድሩ በጋላባት አድርጎ ማታ ጎንደር ደረሰ፤ መርዶ ሲነጋ ነው ብሎ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ አደረ። ማለዳ በሬን ሲያንኳኳ ከኪሱ የተጠቀለለ ክር አወጣ፤ እናታችንን ከራሷ እስከ እግሯ የለካበት ነው።